ጆሮና ሳይነስ ባህር ውስጥ ሲያስቸግሩ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አዲስ አበባ ላይ የባዶ ሃይላንድ ክዳን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ይዛችሁት ጅቡቲ ውረዱ። ስትደርሱ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርዳችኋልና የአየሩ ግፊት ጨምሯል። ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚያመጣው ለውጥ ግን ባህር ውስጥ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ እንደመጥለቅ ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ጆሮ ውስጥ የታመቀው አየር፣ ሌላ ካልተጨመረበት፣ በግማሽ ይቀንሳል። ከ10 ወደ 20 ሜትር ስትወርዱ ደግሞ የሚቀንሰው በሲሶ ብቻ ነው። ስለዚህ የጆሮ ጣጣ የሚበዛው ጥልቁ ጋ ሳይሆን እዚሁ ላይኛው ጥቂት ሜትር ላይ ነው።

ስወርድ ጆሮዬን ይወጋኛል

ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ከአፍንጫ ኋላ ጋር የሚገናኘው ዩስታኪያን በሚባል ቀጭን ቱቦ ነው። ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ቱቦው ለቅጽበት ይከፈታል። እየወረዳችሁ ካልከፈታችሁት ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። የግፊቱ ልዩነት ሲሰፋ የቱቦው አፍ ተጣብቆ ይቀራል። ያኔ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ብትነፉ ብትነፉ አይከፈትም። ብዙ ጀማሪ አፍንጫውን የሚይዘው ሲያመው ነው። ካመመ ዘግይቷል።

መፍትሄው መጀመሪያ መቆም ነው። ከዚያ ሕመሙ እስኪጠፋ አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተመለሱ። አፍንጫችሁን በማስኩ (ዓይንና አፍንጫን በሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽር) ላይ ቆንጥጣችሁ በቀስታ ንፉ፤ ይህ ቫልሳልቫ ይባላል። እምቢ ካለ አፍንጫችሁን እንደያዛችሁ ምራቅ ዋጡ፤ ይሄኛው ቶይንቢ ነው። ለእኔ ሁለቱን ባንዴ ማድረግ፣ ማለትም እየነፉ መዋጥ፣ የተሻለ ይመስለኛል። ቀና በሉና ያስቸገረውን ጆሮ ወደ ላይ አዙሩት። ፊት እስኪቀላ መንፋት ግን ክልክል ነው። የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከታምቡር ይልቅ ለመዳን አስቸጋሪ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ውሃው ውስጥ ሳትገቡ አንዴ ሞክሩት። ከዚያ በእግራችሁ በኩል፣ ገመድ ይዛችሁ፣ በየግማሽ ሜትሩ የጆሯችሁን ግፊት እንዲህ እያመጣጠናችሁ ውረዱ። በጭንቅላት ተዘቅዝቆ መውረድ ቱቦውን መክፈት ያከብዳል። ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተከፈተ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጉ፣ ከዚያ ጆሯችሁን በጣት አሳዩ። አብሯችሁ ያለው ሰው ይገባዋል። ሼም አይያዛችሁ። «ከፍዬበታለሁ» ብሎ መገገም የት እንደሚያደርስ ከታች ታያላችሁ።

አንድ ጥሩ ፍንጭ ልጨምር። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ስታርፉ ጆሯችሁ ተደፍኖ ቀርቶ ከሆነ፣ ገና ሳይከፈት ለመጥለቅ ቀጠሮ አትያዙ።

ጉንፋን ይዞኛል፣ መድኃኒት ወስጄ ብገባስ?

አትግቡ። አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ለመውረድ ያግዝ ይሆናል። ታች ሳላችሁ ኃይሉ ካለቀ ግን ቱቦው መልሶ ያብጥና አየሩ ውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል። በባህር ዛፍ መታጠኑም ሆነ ዝንጅብሉ ያስታግስ ይሆናል፤ የመጥለቅ ፈቃድ ግን አይደለም።

ስወጣ ነው የሚያመኝ

ይሄ ነው የተዘጋበት አየር። ስትወጡ እየሰፋ መውጫ ያጣል። ስትወርዱ ቢያማችሁ መተው ትችላላችሁ። ስትወጡ ግን የምትተነፍሱት የሲሊንደር አየር ያልቃልና መውጣታችሁ የግድ ነው። አንድ ሜትር ያህል መልሳችሁ ውረዱ፤ ዋጡ፣ መንጋጋችሁን አንቀሳቅሱ። እዚህ ላይ አፍንጫ ይዞ መንፋት አየር ላይ አየር መጨመር ነው። የአየር መለኪያችሁን እያያችሁ በጣም በዝግታ ውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጢስስ እያለ ይለቃል።

ግንባሬን ይሰነጥቀኛል፣ ማስኬም ውስጥ ደም አለ

ሳይነሶች በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎች ናቸው። መውጫቸው በጉንፋን ወይም በአለርጂ ካበጠ አየሩ አይመጣጠንም። ውስጣቸው በደምና በፈሳሽ ይሞላል። ማስኩን ስታወልቁ ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ቀይ ነገር ላይኛው ከንፈር ላይ ይዝረከረካል። ሲታይ ያስደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትንሽ ነው፣ በራሱም ይቆማል። የዚያን ቀን መጥለቅ አበቃ። ሕመሙ ከቀጠለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጉንጭ ከደነዘዘ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲያማችሁም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የጉንጭ ሳይነስ ነው። ሳይነሱ ደህና ከሆነ ደግሞ የተቦረቦረ ጥርስ ወይም በደንብ ያልተሞላ ጥርስ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ይየው። ዓይናችሁ ደም ከለበሰ ስትወርዱ ማስኩ ውስጥ በአፍንጫ ትንሽ አየር መልቀቅ ረስታችኋል ማለት ነው።

ዓለም ዞረብኝ

እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ስትወጡ አንዱ ጆሮ ከሌላው ቀድሞ ከተመጣጠነ ማዞር ይመጣል፣ ቶሎም ያልፋል። ገመድ ያዙና ጠብቁ።

ስትወርዱ ሕመሙ በርትቶ ቆይቶ በድንገት ጠፍቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ነገር ጆሮ ውስጥ ገብቶ የዞረባችሁ እንደሆነ ታምቡሩ ተቀዷል። ላይና ታችን መለየት ያቅታል። አንድ ነገር ጨብጣችሁ ያዙ፣ በሪጉሌተሩ (አፋችሁ ላይ ባለው መተንፈሻ) መተንፈሱን አታቋርጡ። የገባው ውሃ ሲሞቅ ማዞሩ ይቀላል፤ ያኔ ከጓደኛችሁ ጋር ውጡ። ጆሮው ደረቅ ይሁን፣ ጠብታ እንዳይገባበት፣ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ከውሃ ከወጣችሁ በኋላ ማዞሩ ከቀጠለ፣ ጆሮ ከጮኸ ወይም መስማት ካቃተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ተጎድቷል፣ ወይም ደግሞ በናይትሮጅን አረፋ የሚመጣው የጠላቂዎች ሕመም ነው። ሁለቱም ድንገተኛ ሕክምና የሚሹ ናቸው። «ነገ ይሻለኛል» አይሠራም። አፍንጫ ይዛችሁ አትንፉ፤ ኦክስጅን ካለ ይሰጣችሁ። ለሐኪሙ መጥለቃችሁን፣ ስንት ሜትር እንደወረዳችሁና መቼ እንደወጣችሁ ንገሩት። የሁለቱ ሕክምና ይለያያል።

ከወጣሁ በኋላ ጆሮዬ አልከፈት አለ

የጆሯችሁን ጫፍ ጎተት አድርጉ። ካመመ የውጨኛው የጆሮ ቦይ ቆስሏል። እርጥበትና የተጫረ ቆዳ ሲገናኙ ባክቴሪያ ይራባል። የሚጭሩት ደግሞ ክብሪት፣ ቁልፍና ኮተን በድ ናቸው። ሐኪም ጠብታ ያዝለታል። ለመከላከል ከባህር ስትወጡ ጆሯችሁን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ፣ ዘንበል ብላችሁ አድርቁት። ዘይት አሙቆ ጠብ ማድረጉ ይቅር።

ሲጎተት ካላመመና የተደፈነ ብቻ ከሆነ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ይሆናል። በቀናት ውስጥ ይሻለዋል፤ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጃል። እስኪለቅ አትጥለቁ። ውሃ እንዳይገባ ብላችሁም የጆሮ መድፈኛ አታድርጉ፤ በመድፈኛውና በታምቡሩ መሃል የሚቀረውን አየር ማመጣጠን አይቻልም።