የሻገተ የቀለም ብልቃጥ፦ ጉዱ ክዳኑ ሥር ነው

ከአክስቴ ዕቃ መሀል አንድ ወፍራም የመስታወት የቀለም ብልቃጥ ደረሰኝ። ትከሻው ማዕዘን ያለው፣ የተለጠፈበት ወረቀት ላይ በራሷ እጅ «ለደብዳቤ ብቻ» ብላ የጻፈችበት። ከግማሽ በታች ሰማያዊ ቀለም ቀርቶበታል። ደስ ብሎኝ ብዕሬን ነከርኩ። ሳወጣው ጫፉን ተከትሎ የእንቁላል ነጭ የመሰለ ልጋግ ተጎተተ። ብልቃጡንም ብዕሩንም አንድ ላይ ልወረውራቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ብልቃጡ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ንጹሕ ቀለም ይዞ። ግን በሦስተኛው ሙከራ ነው የተሳካልኝ። ሁለቱ የከሸፉት በራሴ ጥድፊያ ነው።

መጀመሪያ ሻጋታ መሆኑን ለዩ። ቀለም ሲቆይ ሥሩ ላይ ይዘቅጣል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። ይሄ ሻጋታ አይደለም። ሻጋታ ብዙውን ጊዜ ላይ ላዩን እንደ ወተት ስልባቦት ይጋረዳል፤ በስቴክኒ ሲነኩት ይሳባል፣ ክር ክር ይላል። ሽታው ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ሽታ ነው። ለማሽተት ብላችሁ ግን አፍንጫችሁን ብልቃጡ አፍ ላይ አትድፉ። ስትከፍቱትም መስኮት ይከፈት፣ ጓንትና ማስክ ይደረግ።

«ስልባቦቱን ገፍፌ የቀረውን ልጠቀም» የምትሉ ካላችሁ ተዉት። ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው። አምራቾች እንዳይሻግት መከላከያ ይጨምሩበታል። ከሻገተ ያ መከላከያ አቅቶታል ማለት ነው፤ በዓይን የማይታየው ዘር ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ሁሉ አለ። በነገራችን ላይ የወፈረ ቀለም ለማቅጠን የቧንቧ ውሃ መጨመር መከላከያውን ያሳሳዋል። እኔም አድርጌው አውቃለሁ።

ቀለሙን ከብዙ ውሃ ጋር አፍስሱትና ብልቃጡን ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በረኪና ቀሪ ቀለም ላይ በፍጹም አይጨመርም። ከብረት ጨው የሚሠሩት ጥቁር ቀለሞች አሲድነት አላቸው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ እሱ ቀልድ አያውቅም። ከአቼቶም ሆነ ከአሞኒያ ጋር እንዲሁ አይቀላቀልም።

ቀጥሎ መፈግፈግ። የብልቃጥ አፍ ጠባብ ስለሆነ ብሩሽ አያስገባም። እኔ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ያልሆነ ጨው፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ጨውን ለማርጠብ ያህል ብቻ ውሃ አድርጌ አፉን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ለሁለት ደቂቃ ያህል አንቀጠቅጠዋለሁ። ውሃው ከበዛ ጨው ሟሙቶ ያልቃል፣ ልፋቱ ከንቱ ነው። ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት። የእኔ ብልቃጥ ትከሻው ሥር ጨው የማይደርስበት ማዕዘን ነበረው፤ እዚያ ጥፍር የማታክል ግራጫ ነገር ተጣብቃ ቀረች። ቀጭን ሽቦ አጥፌ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠመጠምኩና ሄድኩባት።

ከታጠበ በኋላ በረኪና። አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ። 50 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር በረኪናና 45 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ በሲሪንጅ መለካት ይቀላል። አንገቱም እንዲያገኘው እስከ አፉ ሙሉት። 20 ደቂቃ ይቀመጥ። የተበረዘ በረኪና ቆይቶ ኃይሉ ስለሚቀንስ የዕለቱን የዕለቱን አዘጋጁ። የወረቀቱን ጽሑፍ ለምትወዱ፦ ብልቃጡን በረኪና ውስጥ አትንከሩት፣ ውስጡን ብቻ ሙሉ። እኔ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ በላስቲክ አሰርኩት። አንድ ጠብታ አምልጣ ከ«ለደብዳቤ» የ«ለ»ን አንድ እግር አፈዘዘችብኝ። እስካሁን ሳየው ይቆጨኛል።

ከዚያ ያለቅልቁ፣ ያለቅልቁ፣ ደግመው ያለቅልቁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ የከሸፈው እዚህ ጋ ነው። ሁለቴ አለቅልቄ «በቃ» አልኩና አዲስ ቀለም ሞላሁ። በማግስቱ ሰማያዊው ቀለም የታጠበ ጂንስ መስሏል። የቀረችው በረኪና ቀለሙን በላችው። አሁን ስድስት ሰባቴ አለቀልቃለሁ፤ የመጨረሻውን በተጣራ ውሃ።

መቀቀልስ? ብልቃጥ ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ክዳኑ። ሁለተኛው ሙከራዬ እንከን ያለው አይመስልም ነበር፤ ብልቃጡ እንደ አዲስ አበራ። በሦስተኛው ሳምንት ስልባቦቱ ተመልሶ መጣ። ተናድጄ ክዳኑን ገለበጥኩት። ውስጡ ቀለም እንዳይፈስ የሚይዝ ክብ ካርቶን አለ። በስቴክኒ ጠርዙን ፈንቅዬ ሳወጣው ከሥሩ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ ተኝቷል። ሁለት ጊዜ ብልቃጥ ሳጥብ ጌታው እላይ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ስለዚህ ካርቶን ከሆነ ጣሉት። ውስጡ ድረስ ስለሚመጥ አይጸዳም። እኔ ከንጹሕ ፕላስቲክ ክዳን ላይ በልኩ ቆርጬ ተካሁት። ጎማ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ አውጥታችሁ ለብቻው እጠቡ። የክዳኑን ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉ፤ የብልቃጡንም አንገት ጭምር። የብረት ክዳን በረኪና ያዝገዋል፤ እሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት። ከዚያ የበለጠ ንጹሕ አልኮል የተሻለ ይመስላል፤ ግን ያለ በቂ ውሃ ሥራውን በደንብ አይሠራም፣ ቶሎም ይተናል።

ስታደርቁ ብልቃጡን ግጥም አድርጋችሁ አትድፉት፣ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናል። ጋደም አድርጉት፤ አንድ ሙሉ ቀን። በጨርቅ አትጥረጉት።

ብዕራችሁም የሻገተውን ቀለም ጠጥቶ ከሆነ አዲሱ ቀለም ውስጥ ስትነክሩት በሽታውን ይዞለት ይገባል። ፈታታችሁ ጥቂት ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። በረኪና ግን አይሆንም፣ የብረት ጫፉን ይበላዋል። የቀለም መሳቢያው ውስጥ ልጋግ ከገባ እኔ አልለፋም፣ በአዲስ እለውጠዋለሁ።

በመጨረሻ ብልቃጡን በአንዴ አትሙሉት። 5 ሚሊ ሊትር ቀለም ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሦስት ሳምንት አቆዩት። ከዚያ ከፍታችሁ ባትሪ አብሩበትና ላይ ላዩን እዩ፤ ክዳኑንም ገልብጡት። ስልባቦት ከሌለ፣ ሽታ ከሌለ፣ የቀረውን ሙሉ። ካለም የከሰራችሁት 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ወደ ክዳኑ ተመለሱ።