የሽንት ካቴተር ሲደፈን፦ ችግርና መፍትሄ

ካቴተር ሽንትን ከሽንት ፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወርድ ቱቦ ነው። ቱቦው አለመታጠፉን፣ ታማሚው እንዳልተኙበትና ከረጢቱ እንዳልሞላ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ከረጢቱ ባዶ፣ ሽንቱ ግን በቱቦው ዳር ይፈሳል

ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት ካቴተር ስቀይር ከሁሉ አብልጦ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ጥፋተኛው ባዮፊልም ነው፤ ባክቴሪያ ቱቦው ላይ ተጣብቆ፣ ራሱ በሚያመነጨው ዝልግልግ ነገር ተሸፍኖ ይኖራል። ካቴተር ወር ከቆየ ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የማይገኝበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክፉው ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፤ የሽንቱ አሲድነት ይጠፋል፤ ማግኒዥየምና ካልሲየም ከፎስፌት ጋር እየጠጠሩ ቀዳዳውን ይዘጉታል። የወጣውን ቱቦ በምላጭ ሰንጥቄ ለቤተሰብ አሳያለሁ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ቁርጥ።

መፍትሄው ቱቦውን መቀየር ነው። በሲሪንጅ ውሃ እየገፉ መክፈት ባዮፊልሙን አያነሳውም። በጉልበት ስቦ ማውጣትም የለም፤ ጫፉ ላይ የጠጠረው ሥጋ ይቧጥጣል፣ ያደማል።

ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ) ፍለጋ ፋርማሲ የምትሮጡ፣ ቆም በሉ! ባዮፊልም ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ነፃ ሆኖ ከሚዋኘው እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ላሉ አንድ አዛውንት ልጆቻቸው ተራ በተራ ሲፕሮ ይገዛሉ፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል። ቱቦውን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ የገባበት ቀን እንኳ የትም አልተጻፈም። የዳኑት ቱቦው ተቀይሮ፣ ከአዲሱ ቱቦ ናሙና ተወስዶ፣ ካልቸሩ (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያየው የላቦራቶሪ ምርመራ) ያሳየውን መድኃኒት ሲወስዱ ነው። ከከረጢቱ የተቀዳ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

ሽንቱ ደፈረሰ፣ ሸተተ፤ ትኩሳት ግን የለም

ውሃ ይጠጡ። አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ረመዳን ላይ የሚጾሙ ከሆነ በኢፍጣርና በሱሁር መካከል በደንብ ይጠጡ፤ ሐኪማቸውንም አስቀድመው ያማክሩ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ መቀባዠር

ዛሬውኑ ሆስፒታል! ነገ የለም። ቱቦው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መጀመሪያ ይቀየራል።

መንገድ በሄዱ ማግስት የሚብስ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ከረጢቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ባስ ሲልም መስኮት ላይ ሰቅለው የሚመጡ አሉ። በከረጢቱ የተራባው ሁሉ ወደ ሽንት ፊኛ ይመለሳል። ከፊኛ ዝቅ ይበል፤ ወለል ግን አይንካ። ከረጢቱን ከቱቦው እየነቀሉ ማጠብም ይቅር፤ ለባክቴሪያ በር መክፈት ነው።

ሌሎች

ከረጢቱ ሐምራዊ ከሆነ፦ የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት ያለባቸው ላይ ይታያል፣ ቀለሙ ብቻውን አያስደነግጥ።

ቱቦውን ፊኛ ውስጥ የሚይዘው ባሉን አልተነፍስ ካለ፦ ቱቦውን አትቁረጡ፤ ወደ ሐኪም።

በርካሹ የጎማ ቱቦ ተማርሬአለሁ፤ ሲሊኮኑ ውስጡ ሰፊ ስለሆነ ዘግየት ብሎ ይደፈናል፣ ጨርሶ አይደፈንም ግን አልልም።

በየሳምንቱ የሚደፈን ከሆነ አልትራሳውንድ ይታዘዝ። ፊኛው ውስጥ ጠጠር ካለ ባክቴሪያው እዚያው ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ጠጠሩ እስኪወጣ አዲስ የገባው ቱቦ ሁሉ ይደፈናል።