ከፒዛ ኩፖኑ ጋር የምንጥለው ወረቀት፦ ከሜሪላንድ ተወካይዎ መረጃና እርዳታ እንዴት ያገኛሉ?

ፖስታ ሳጥናችን በየሳምንቱ ምን እንደሚገባበት ያውቁታል። የፒዛ ኩፖን፣ የምንጣፍ አጠባ ማስታወቂያ፣ «ቤትዎን በካሽ እንገዛለን» የሚል ካርድ። አልፎ አልፎ ደግሞ ፈገግ ያለ ሰው ፎቶ ያለበት ወፈር ያለ ወረቀት ይመጣል። እኔ ለዓመታት የምርጫ ቅስቀሳ እየመሰለኝ ከፒዛው ጋር አብሬ ስጥለው ኖርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጣች። ሲኒው እስኪቀርብ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ ገልበጥ አደረገችው። «ሆምስቴዱን ሞልተሻል አይደል?» አለችኝ።

«የምን ሆምስቴድ?»

ቤቱን ከገዛን አራተኛ ዓመታችን ነበር። ሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት የሚባለው የሚኖሩበት ቤት ግብር የሚታሰብበት ዋጋ በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚይዝ ነው። አንዳንድ ካውንቲዎች ከዚያም ዝቅ ያደርጉታል። ማመልከቻው አንዴ ተሞልቶ ያበቃል፤ ክፍያም የለውም። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ጀርባ ላይ፣ ከፎቶው በታች በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ወረቀቱን የላከው የምክር ቤት ተወካያችን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ሁሉ አነባለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንደኛ፦ የእርስዎ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ይወቁ

የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሰበሰበው አናፖሊስ ነው። ስቴቱ በ47 ዲስትሪክት ተከፍሏል። እያንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ የስቴት ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) አሉት፤ በድምሩ 188 ሰው። ስለዚህ ብዙዎቻችን አንድ ሳይሆን አራት ተወካይ አለን። አንዳንድ ዲስትሪክቶች ግን እንደገና ስለተከፋፈሉ እዚያ የሚኖር ሰው አንድ ወይም ሁለት ዴሊጌት ብቻ ሊኖረው ይችላል።

የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ተወካይ መፈለጊያ አለ። ሙሉ አድራሻዎን ያስገቡ። ዚፕ ኮድ ብቻውን አይበቃም። «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው» ማለትም አይበቃም፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ፖስታ አድራሻ በጣም ሰፊ ስለሆነ ብዙ ዲስትሪክቶች ውስጥ ይገባል። የአጎትዎ ልጅ ሁለት መንገድ አልፎ ቢኖር የእሱ ተወካይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስሞቹን ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ። እኔ የለጠፍኩት ከልጆቹ የትምህርት ቤት ካላንደር አጠገብ ነው።

ሁለተኛ፦ የቱን በር እንደሚያንኳኩ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለግሪን ካርድ ጉዳይ ዴሊጌት ጋ ይደውላል፣ ለቆሻሻ መኪና ደግሞ ኮንግረስ ጋ።

የኢሚግሬሽን፣ የፓስፖርትና የሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳይ የፌዴራል ነው፤ የሚመለከተውም ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ተወካይዎን ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ ሜዲኬይድ፣ የስቴት ታክስ ከሆነ ዴሊጌትዎና ሴናተርዎ ናቸው። ቆሻሻ፣ ላይብረሪ፣ የመዝናኛ ማዕከል የካውንቲ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከሆኑ ወደ ካውንቲው የመረጃ መስመር 311 ይደውሉ።

መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ቁጥር አለው፤ 97 ነው። ኮልስቪል ሮድ 29፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ 650። እነዚህ የስቴት መንገዶች ናቸው። እዚያ ላይ ጎማዎ ከፈነዳ ነገሩ የስቴቱ ነው። ቤትዎ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ የካውንቲው ናት።

በሩን ቢሳሳቱም ብዙ አይጨነቁ፤ ወደ ትክክለኛው ያሻግሩዎታል። የሚባክነው የእርስዎ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፦ ኢሜይልዎን ያስመዝግቡ

የእያንዳንዱ ተወካይ ገጽ ላይ ኢሜይል የሚያስገቡበት ቦታ ይኖራል። ካጡት ቢሮው ደውለው «ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡኝ» ይበሉ። አራቱም ጋ ይመዝገቡ። አንዱ ስለ ሕግ ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው የሰፈሩን ፕሮግራም ሁሉ ይለቅማል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከሁለት ወር በኋላ ይገባዎታል።

ከዚያ የመጀመሪያው ኢሜይል የት እንደገባ ይፈልጉ። ጂሜይል የሚጠቀሙ ከሆነ ከጫማ ቅናሽ ጋር «ፕሮሞሽን» ውስጥ ወድቆ ያገኙታል። ወደ ዋናው ሳጥን ይጎትቱት፣ ላኪውንም ኮንታክት ውስጥ ያስገቡ። ፌስቡክ ላይ ፎሎው ማድረግ ብቻውን አያስተማምንም። የክትባቱን ቀን ክትባቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚያሳይዎት።

አራተኛ፦ ከታች ወደ ላይ ያንብቡ

በሐቅ እንነጋገር። የእነዚህ ኢሜይሎች የላይኛው ክፍል ሪባን ሲቆረጥ የተነሳ ፎቶና «እኔ ያቀረብኩት ሕግ» ነው። ፖለቲከኛ ነውና አይፈረድበትም። ለእኔና ለእርስዎ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ታች ነው ያለው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የማመልከቻ ማብቂያ።

ምን እንደሚመጣ ለማወቅ የዓመቱን ዙር ይያዙ። ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ። ለ90 ቀን ተሰብስቦ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ይበተናል። በእነዚያ ሦስት ወራት የሚያነቡት ስለ ሕግ ነው። በተረፈው ዘጠኝ ወር ደግሞ የሥራ አውደ ርዕይ፣ የጉንፋን ክትባት፣ ነጻ ወረቀት መቆራረጫ፣ የምግብ እደላ፣ የነዋሪዎች ስብሰባ። ወረቀት መቆራረጡን አይናቁት። የአሥር ዓመት የባንክ ወረቀት ምድር ቤት ያከማቸ ሰው የምለው ይገባዋል።

እንዳያመልጡዎት የምላቸው ጥቂት ናቸው። ፌብሩዋሪ ገደማ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች ታክስ በነጻ የሚሠራበት ቦታ ይነገራል። የጤና ኢንሹራንስ ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይጀምራል። ኦክቶበር 1 ደግሞ የሁለት የታክስ ክሬዲቶች ማመልከቻ ማብቂያ ነው። አንደኛው የዓመት ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ የቤት ባለቤቶች ነው፤ ከሆምስቴዱ የተለየ ነው፣ በየዓመቱም ማመልከት ይጠይቃል። ሁለተኛው ለተከራይ ነው፤ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ዕድሜያቸው 60 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ገቢያቸው ዝቅ ያለና ልጅ የሚያሳድጉ ተከራዮች ሊያገኙት ይችላሉ። እናትዎ አፓርትመንት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁላቸው።

ከሁሉ በላይ ግን የትምህርት ገንዘቡ። ይህን የሚያውቅ ሐበሻ ትንሽ መሆኑ ያናድደኛል። በሜሪላንድ ሴናተሮችና ዴሊጌቶች ራሳቸው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አላቸው። አዎ፣ ከስቴቱ ገንዘብ። ሦስት ዴሊጌትና አንድ ሴናተር ካለዎት አራት ቦታ ማመልከት ይችላሉ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ዴሊጌቱ የራሱ ፎርምና የራሱ ማብቂያ ቀን አለው። አንዱ ድርሰት ይጠይቃል፣ ሌላው ትራንስክሪፕት ብቻ። ፋፍሳም (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) መሞላት አለበት፤ ፋፍሳ መሙላት የማይችሉ ደግሞ የስቴቱ የራሱ ማመልከቻ አለላቸው። ከሃይስኩል ለሚወጣ ልጅ ብቻ አይምሰልዎ። ማታ ማታ ነርሲንግ ለሚማር አባወራም ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ የመጽሐፍ ይሸፍናል። ቀኑ የሚነገረው በዚያችው ኢሜይል ነው።

እንግሊዝኛው ከከበደ ስልክዎ ይተርጉመው፤ ቀንና ገንዘብ ያለበትን መስመር ግን ከዋናው ጋር ያስተያዩ። «ቢል» እዚህ የሕግ ረቂቅ ማለት ናት፤ ማሽኑ ግን የመብራት ሂሳብ ሊያደርጋት ይችላል። እኔ አንዴ «የተወካዩ ሂሳብ በድምፅ አለፈ» የሚል አንብቤ ዕዳው የተሰረዘለት መስሎኝ ነበር።

አምስተኛ፦ ችግር ሲኖር ይጻፉ

እኛ ባለሥልጣን ጋ መሄድ ሲባል ደጅ መጥናት ነው የሚታየን። ሰው ፈልጎ፣ በሰው በኩል፣ ከዚያም ቆሞ መጠበቅ። እዚህ ቢሮው ውስጥ ሥራው ስልክዎን ማንሳት የሆነ ሰው አለ። ዜጋ መሆን አለመሆንዎን ሳይሆን የት እንደሚኖሩ ነው የሚጠይቅዎ። ስለዚህ አድራሻዎን ከላይ ይጻፉ።

ደብዳቤው በአማርኛ ቢሆን ይህን ይመስላል፤ እርስዎ በእንግሊዝኛ ያደርጉታል፦

«የተከበሩ ዴሊጌት እገሌ። የምኖረው እዚህ አድራሻ ነው፣ የዲስትሪክትዎ ነዋሪ ነኝ። የሥራ አጥ ክፍያ ካመለከትኩ ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ የደወልኩባቸው ቀናት ከታች አሉ። የማመልከቻ ቁጥሬ ይኸው። ፋይሌ የት እንደቆመ ቢያጣሩልኝ። ስልኬ ይህ ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ቢኖር እመርጣለሁ።»

በቃ። የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። ሁለት ጉዳይ ካለዎት ሁለት ኢሜይል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን በኢሜይል አይላኩ፤ ካስፈለገ በስልክ ይጠይቁዎታል። ስም ላይ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ እንደ እኛ በመጀመሪያው ስም አይጠሩም። ዴሊጌት ብለው የሚያስከትሉት የመጨረሻውን ስም ነው።

መልስ የሚሰጥዎት አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው። አይቀየሙ። እንዲያውም ስሙን ይጻፉ፤ ሁለተኛ ሲደውሉ በስም የሚጠሩት ሰው ይኖርዎታል። ሳምንት ካለፈ እንደገና ይደውሉ። የምክር ቤቱ ስብሰባ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ሁሉም እንቅልፍ አጥተው ነው የሚሰነብቱት። አስቸኳይ ካልሆነ ያን ሳምንት ይለፏቸው።

የማይችሉትንም ይወቁ። የፍርድ ቤት ውሳኔ አይገለብጡም፣ ጠበቃዎ አይሆኑም፣ መሥሪያ ቤቱን «ፍቀድለት» ብለው አያዙም። የሚችሉት ፋይልዎ ለምን እንደቆመ መጠየቅ ነው። ከምክር ቤት የመጣ ጥያቄ ከእኔና ከእርስዎ ስልክ ቀድሞ ይነበባል። ለዚህ አገልግሎት አንድ ሳንቲም አይከፈልም። «ዴሊጌቱን አውቀዋለሁ፣ 200 ዶላር ስጠኝና ላስጨርስልህ» የሚል ካጋጠመዎ ይሽሹ።

ስድስተኛ፦ እርስዎም ይጥሯቸው

እኔ የምሟገትለት ይህን ነው። ከሚያዝያ በኋላ ተወካዮች ሰው የሚያገኙበት መድረክ ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ ዕድር አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን፣ በየወሩ መቶ ሰው እንሰበስባለን። የዕድሩ ጸሐፊ አንድ ኢሜይል ጽፎ «20 ደቂቃ መጥታችሁ ስለ ንብረት ግብር ንገሩን፣ አስተርጓሚ እኛ እናቀርባለን» ቢል የሚመጣ ይገኛል። እግረ መንገድዎን የሚቀጥለው በራሪ ወረቀት በአማርኛ እንዲሆን ይጠይቁ። ማንም ሳይጠይቅ የሚተረጉም ቢሮ ብዙ አይደለም።

ያገኙትን ለግሩፕ ሲያካፍሉ ቀኑን ከላይ ያድርጉ። ቴሌግራም ላይ «ነገ ነጻ ክትባት አለ!» የሚል መልእክት ለሦስት ሳምንት ሲዞር አይቻለሁ። የቱ ነገ? ሦስት መስመር ይበቃል፦ መቼ፣ የት፣ ምን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ። የመጣበትን ኢሜይልም አብረው ይላኩ።

ሜሪላንድ ካልሆኑ

መንገዱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ይለያል። ቨርጂኒያ ውስጥ 40 ሴናተርና 100 ዴሊጌት አሉ፤ እያንዳንዱ ነዋሪ አንድ አንድ ነው ያለው፣ ስብሰባውም ሪችመንድ ነው። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ በየዲስትሪክቱ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካይ አላችሁ። ሚኒሶታ 67 ሴናተርና 134 ተወካይ አላት። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ደግሞ የኔቫዳ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ መሆኑን አስታውሱ። የስኮላርሺፑ ነገር ግን የሜሪላንድ ነው፤ ሌላ ስቴት ያለውን ተወካይ «ስኮላርሺፔስ?» ብላችሁ እንዳታስደነግጡት።

ዲሲ የስቴት ምክር ቤት የለውም፤ ያለው 13 አባላት ያሉት የከተማው ካውንስል ነው። የዲሲ ነዋሪ ግን አንድ ነገር ይበልጠናል። በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።