ከ40 በኋላ አልሞ ተኳሽ፦ በስልክ ፐብጂ ለሚጫወቱ የጎንደር ጎልማሶች

ከሥራ በኋላ አንድ ሁለት ዙር ፐብጂ (እየተታኮሱ የመጨረሻ ሆኖ ለመትረፍ የሚፎካከሩበት ጨዋታ) የሚጫወት ጎልማሳ ሲሸነፍ ቶሎ የሚያሳብበው በዕድሜው ነው። «የልጆቹ እጅ አይያዝም» ይላል። እውነትነት አለው፣ ነገር ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ሰው አንድ ነገር ድንገት አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ወጣትም ቢሆን ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ዕድሜ የሚጨምርበት ጥቂት አስሮችን ነው። የተጨናነቀ ኔትወርክ ብቻውን ከዚያ በላይ ይበላል። ማነጣጠሪያው መሬት መሬቱን እያየ ከነበረ ደግሞ ጎትቶ ጠላት ደረት ላይ ለማድረስ ግማሽ ሰከንድ ይሄዳል። ስለዚህ ጣትን ለማፍጠን ከመድከም በፊት እነዚህን ሁለቱን ማስተካከል ነው።

ከፒንጉ እንጀምር፤ ፒንግ ማለት ስልክዎ ከጨዋታው ሰርቨር (ዋና ኮምፒውተር) ጋር መልእክት ልኮ መልስ እስኪያገኝ የሚፈጀው ሚሊ ሰከንድ ነው። ሰርቨር ሲመርጡ ከየስሙ ጎን ያለውን ቁጥር አይተው ዝቅተኛውን ይያዙ፤ ለእኛ የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ሚድል ኢስትና አውሮፓ ናቸው። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ መረጋጋቱን ይመልከቱ። ሳይወርድ ሳይወጣ 120 ላይ የሚቆም ፒንግ፣ 70 እና 300 መካከል ከሚዘል ይሻላል፤ እጅ የተረጋጋ መዘግየትን ይለምዳል፣ የሚዘለውን ግን ሊለምደው አይችልም። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ሰው ኦንላይን ነው፤ ማራኪ አካባቢ ለሚኖር ደግሞ ተማሪው ሁሉ ይጨመርበታል። ከሥራ በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚጫወቱት አንድ ዙር ከምሽቱ ሦስት ዙር የበለጠ ያስተምራል። ፒያሳ አካባቢ ወፍራም ግድግዳ ባላቸው የጣሊያን ዘመን ቤቶች ውስጥ ከሆኑ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ ድንጋይ ሲግናል ያፍናል። ዋይፋይ ካለ ራውተሩ ባለበት ክፍል ውስጥ 5 ጊጋኸርዙን፣ በመካከል ግድግዳ ካለ 2.4ቱን ይጠቀሙ። ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት፤ ጨዋታ መሀል «ስልኬ ቆመ» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጨዋታው ራሱ ብዙ ዳታ አይበላም፤ የሚበላው አፕዴቱ ነውና እሱን ለሌሊት ጥቅል ይተዉት።

ቀጥሎ ስልኩ። ግራፊክሱን «ስሙዝ» ላይ፣ ፍሬም ሬቱን ስልኩ እስከቻለው ድረስ ከፍ ያድርጉ። በሰከንድ 30 ምስል ማለት በየ33 ሚሊ ሰከንዱ አዲስ ምስል ማለት ነው፤ በ60 ግን በየ17ቱ ያያሉ። ያማረ ሣርና ጥላ ጠላትን ከመደበቅ በቀር ጥቅም የለውም። ቻርጅ እያደረጉ አይጫወቱ። መብራት ይጠፋል ብሎ ሰክቶ መጫወት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ሲግል ራሱን ለማዳን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ስክሪኑንም ያደበዝዛል፣ ምስሉ ልክ የመጨረሻው ዞን (እየጠበበ የሚሄደው የመጫወቻ ክልል) ላይ ሲደርሱ መንተፋተፍ ይጀምራል። ቀድመው ሞልተው ይንቀሉት፣ ከቨሩንም ያውልቁ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፅን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል ባለ ሽቦው ይሻላል። ዓይንዎ ቅርብ ነገር ማየት ካስቸገረው (ከ40 በኋላ የሁላችንም ነገር ነው) ተለክቶ የታዘዘ የማንበቢያ መነጽር ከየትኛውም ሴቲንግ በላይ ይጠቅማል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ነጥብ የሚያክል ጠላት 200 ሜትር ላይ የሚታየው ወይም የማይታየው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጣቶች። በሁለት አውራ ጣት ብቻ የሚጫወት ሰው የማይድን ችግር አለበት፦ ቀኝ አውራ ጣቱ ያነጣጥራል፣ ለመተኮስ ግን ያንኑ ጣት አንስቶ የጥይቱን ምልክት መጫን አለበት። በተኮሰባት ቅጽበት ማነጣጠር አቆመ ማለት ነው። መፍትሔው የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት ነው። በኮንትሮል ማስተካከያው ውስጥ የግራውን የመተኮሻ ምልክት ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ይውሰዱት፣ መጠኑንም ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ግራ አውራ ጣት ይራመዳል፣ ግራ ጠቋሚ ይተኩሳል፣ ቀኝ አውራ ጣት ከዒላማው ላይ አይነሳም። የመጀመሪያው ሳምንት ከድሮው የባሰ ይጫወታሉ። ይታገሱት፣ ወደ ኋላ አይመለሱ። ክርኖችዎን ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ ያሳርፉ፤ አውራ ጣትዎ ሥር ሕመም ከተሰማዎ የዚያን ቀን ይብቃ። እጅዎንም ከመጀመርዎ በፊት ታጥበው በደንብ ያድርቁ፦ ወጥ የነካው ወይም እርጥብ ጣት ስክሪን ላይ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይዘላል።

ሴንሲቲቪቲ (ጣትዎን ሲስቡ እይታው ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስነው ቁጥር) ከሰው አይዋስም። ማሠልጠኛ ሜዳ ገብተው ቀኝ አውራ ጣትዎን ከስክሪኑ መሀል እስከ ጠርዙ አንድ ጊዜ ይሳቡ። ገጸ ባሕሪው ግማሽ ዙር ያህል ቢዞር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ሁለት ዒላማዎች መርጠው ከአንዱ ወደ ሌላው 20 ጊዜ ይዙሩ። ደጋግመው አልፈውት የሚሄዱ ከሆነ በ5 ይቀንሱ፣ ከደረሱበት በታች የሚቀሩ ከሆነ በ5 ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይንኩ፣ ሳምንት ሳይሞላውም አይቀይሩት፤ በየቀኑ የሚቀየር ሴንሲቲቪቲ እጅን ያወናብዳል።

መሣሪያ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። ኤም 416 ይያዙ፤ ኤኬኤም በአንድ ጥይት ይበልጥ ይጎዳል፣ አፈሙዙ ግን ሲተኩስ አብዝቶ ይነሳል። በቀን 15 ደቂቃ ልምምድ ይበቃል። ከ20 ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ይዘው 10 ጥይት አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሦስት ሦስት፣ ከዚያ 30ውን በአንድ ትንፋሽ ያውጡ፤ አፈሙዙ በተነሳ መጠን ቀኝ አውራ ጣትዎን ወደ ታች ይጎትቱ። ጥይቶቹ ከነጥቡ በላይ ከተሰበሰቡ ጉተታው አንሷል፣ በታች ከሆኑ በዝቷል። ቀሪውን ጊዜ አራት ለአራት በሚደረገው ቲም ዴዝማች ይጨርሱት። እዚያ ሞተው ወዲያው ስለሚነሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያገኙት የፊት ለፊት ተኩስ በትልቁ ካርታ በአንድ ምሽት ከሚያገኙት ይበልጣል። ሙሉ ጨዋታ ሲያምርዎትም 8 በ8 ኪሎ ሜትር ከሆነው የኤራንግል ካርታ ይልቅ 2 በ2 የሆነው ሊቪክ ለሥራ ሰው ይመቻል፤ ቶሎ ያልቃል።

ትልቁ ትምህርት ማዕዘን ላይ ነው። የፋሲል ግቢን በር ያስቡ። ትከሻዎን ከበሩ ድንጋይ አጣብቀው ብቅ ቢሉ፣ ውስጥ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው እርስዎ እሱን ሳያዩ ክርንዎን ያያል። ከድንጋዩ 3 ሜትር ያህል ራቅ ብለው በግማሽ ክብ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ቢራመዱ ግን ግቢው እንደሚሳብ መጋረጃ በጥቂት በጥቂቱ ይገለጥልዎታል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ሊያዩ የሚችሉት አንድ አዲስ ቦታ ብቻ ስለሆነ ማነጣጠሪያዎም እዚያው ይጠብቃል። ከፍታውን በሰው ደረትና አንገት መካከል ያድርጉ፤ ቀሪውን መሣሪያው ሲነሳ ራሱ ወደ ጭንቅላት ይወስደዋል። ፐብጂ በሦስተኛ ሰው እይታ ስለሆነ ሌላም ነገር አለው፦ ካሜራው ከቀኝ ትከሻ በላይ ነው። ስለዚህ ዛፍም ሆነ ግንብ ሲከልልዎ ከለላው በግራዎ እንዲሆን ቆመው በቀኝ በኩል ያጮልቁ፤ ሰውነትዎ ሳይወጣ ያያሉ። በግራ በኩል ካጮለቁ ግማሽ አካልዎ ከካሜራው ቀድሞ ይወጣል።

ፒንግዎ ከ100 በላይ ከሆነ አንድ ጥግ ላይ ተገትሮ መጠበቅ አያዋጣም። ሮጦ የሚወጣው ሰው እርስዎን በስክሪኑ ላይ የሚያይዎት የእሱ መውጣት ስልክዎ ላይ ሳይደርስ ነው። በካሜራው አይተው፣ ጠላት ጥይት ሲሞላ ወይም ሌላ ሲያይ እርስዎ ይውጡበት፤ ሦስት አራት ጥይት ተኩሰው ተመልሰው ይከለሉ፣ ቀጥሎ በዚያው ቦታ አይውጡ። ጥይትም ከለላ ውስጥ ሳይገቡ አይሙሉ።

ከልጆች ጋር በስኳድ (በቡድን) ሲገቡ «እዚያ ነው! እዚያ ነው!» ማለት ማንንም አይረዳም። ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን የኮምፓስ ቁጥር ያንብቡ፦ «240፣ ከቤቱ ጀርባ፣ አንድ ሰው»። «ጋሼ ካሉ እንግባ» የሚባለው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚገድለው ሳይሆን የሚናገረው ነው። ጆሮዎ ኮቴ ካልለየም ትንሹ ካርታ ላይ የእግርና የተኩስ ምልክት ይወጣል፤ ካርታውን ከፍ አድርገው በየጥቂት ሰከንዱ ይመልከቱት።

ዴዝ ሪፕሌይን (እንዴት እንደተገደሉ መልሶ የሚያሳየውን) ከሴቲንግ ያብሩና 10 ሞቶችን በወረቀት ይመዝግቡ። «አላየሁትም» ከበዛ ወደ መነጽሩ፣ ወደ ማዳመጫውና ወደ ትንሹ ካርታ ይመለሱ። «አይቼው ስቻለሁ» ከሆነ የግድግዳው ልምምድ ነው። «ከሁለት አቅጣጫ ተመታሁ» ከሆነ ልምምዱን ይተዉትና ዞኑ ሳይዘጋ ቀድመው ጠርዝ ላይ ያለ ከለላ ይያዙ። «ስልኩ ቆመብኝ» ከ10ሩ ሦስቱን ከያዘ የመጫወቻ ሰዓትዎን ይቀይሩ።