የኤሌክትሪክ ትራክተር ላይ ክብደትና ባትሪ ስንጨምር የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሱሉልታ ላይ ጓሮዬን የማርሰው በትንሽ የኤሌክትሪክ ትራክተር ነው። ባለ 6 ቮልት ስድስት ባትሪ አለው፤ በተርታ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር) ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጣሉ። እኛ ጋ አየሩ ሳሳ ስለሚል የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ይሄኛው ግን የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። ችግር የጀመረኝ ክብደትና ባትሪ ልጨምርለት ስል ነው። ባትሪ ራሱ ክብደት መሆኑን፣ ክብደት ደግሞ ባትሪ እንደሚበላ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር።

የኋላ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል

መጀመሪያ መሬቱን ይዩ። ዝናብ የጠጣ ጥቁር አፈር ከሆነ ክብደት አይጨምሩ። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ አድርጎታል። ቢጭኑበት የባሰ ይሰምጣል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቀዋል። አፈሩን በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት። ከፈረሰ ይግቡ። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ፀሐይ እስኪመታው ይታገሱ።

ደረቅ መሬት ላይም የሚሽከረከር ከሆነ በእርግጥ ክብደት አንሶታል። የኔ ምርጫ ቸርኬው ላይ በብሎን የሚታሰር ብረት ነው። ክብደቱ በጎማው በኩል በቀጥታ መሬት ላይ ስለሚያርፍ ሻሲውን አይጫንም። ምናለሽ ተራ ድፍን ብረት ፈልገው ማስበሳት ይችላሉ፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ግን በሚዛን ያረጋግጡ። ጎማው ውስጥ ውሃ መሙላትም ይሠራል። ቫልቩ ወደ ላይ ሆኖ ውሃው እሱ ጋ ሲደርስ ይቁም። ከላይ ለንፋስ ቦታ መቅረት አለበት።

ዳገት ላይ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው አይታዘዝም

ክብደቱ ከኋላ አክስል አልፎ ተንጠልጥሏል። ሂሳቡ ቀላል ነው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 120 ሳንቲሜትር አለ እንበል። 60 ኪሎ ብረት ከኋላ አክስል 40 ሳንቲሜትር አልፎ ቢሰቀል፣ ከፊት ጎማ ላይ 20 ኪሎ ያነሳል። ኋላው ላይ 80 ኪሎ ያርፋል። ስለዚህ ወደ አክስሉ ያስጠጉት፣ ወይም ፊት ለፊት ማካካሻ ይሰሩለት። ዳገት ላይ አይሞክሩት፤ ሊገለብጥ ይችላል።

ባትሪ ተጨምሮም ቶሎ ይደክማል፣ አንዱ ባትሪ ይግላል

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። እኔም ከስሬበታለሁ። ሁለተኛ ረድፍ ስጨምር አራት አዲስና ሁለት ያገለገለ ባትሪ ቀላቀልኩ። ማረሻውን እየጎተተ እያለ በቴስተር ስለካ አምስቱ 6 ቮልት አካባቢ ናቸው፤ አንዱ ግን 4.8 ላይ ወርዷል። ማታ ቻርጅ ላይ ደግሞ ያው ባትሪ ቀድሞ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

በተርታ የተያያዙ ባትሪዎች ጉልበታቸው በደካማው ልክ ነው። ደካማው ቀድሞ ያልቃል። ሌሎቹ መግፋታቸውን ሲቀጥሉ ፖላሪቲው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ) እስኪገለበጥ ድረስ ይጎዳል። ቻርጅ ላይ ደግሞ ቀድሞ ሞልቶ ውሃውን ይጨርሳል።

ሰባተኛ ባትሪ በተርታ መጨመርም መፍትሄ አይደለም። 42 ቮልት ይሆንና ኮንትሮለሩን (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ሊያቃጥል ይችላል። ትክክለኛው መንገድ አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ያላቸውን ስድስት ባትሪዎች ሌላ 36 ቮልት ረድፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ፣ ማያያዝ ነው። የድሮው ረድፍ ካረጀ እሱንም አብሮ መቀየር ይሻላል። ሁለቱ ረድፎች ሙሉ ቻርጅ ሆነው ቮልታቸው እኩል ሳይሆን አያገናኟቸው፤ ከሞላው ወደ ባዶው ኃይለኛ ከረንት ይሮጣል። ለየረድፉ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ገመዶቹም እኩል ርዝመት ይኑራቸው።

ክብደቱንም ያስቡ። ባለ 225 አምፒር ሰዓት ባትሪ አንዱ ወደ 28 ኪሎ ነው፤ ስድስቱ 168 ኪሎ። ይሄን ከጫኑ በኋላ የቸርኬ ብረት ላያስፈልግዎት ይችላል። እኔ ሦስቱን ፊት፣ ሦስቱን መቀመጫው ስር አድርጌ ብረቱን ፈታሁት። ማስቀመጫውን በአንጎላሬ ያስበይዱ። ሲበየድ ባትሪዎቹ ይውረዱ፤ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል።

ገመዱ ወይም ሞርሴቶው (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረው ብረት) ይግላል

ሥራ ላይ ከቆዩ በኋላ ትራክተሩን አጥፍተው የገመዶቹን ላስቲክ በእጅዎ ይዳብሱ። አንዱ ጫፍ ብቻ የሚግል ከሆነ እዚያ ላልቷል ወይም ነጭ ዱቄት ይዟል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ይፍቱ። በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያጽዱ፤ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። አድርቀው ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ሁሉም የሚግል ከሆነ ገመዱ ቀጥኗል፤ ወፈር ያለ መዳብ ይግዙ።

ቻርጁ ጠዋት አልሞላም

ባትሪው እጥፍ ሆኖ ቻርጀሩ ያው ከሆነ ጊዜውም እጥፍ ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሳይሞላ ያድራል፤ እንዲህ ሲደጋገም ሌዱ (ባትሪው ውስጥ ያለው የእርሳስ ሳህን) ላይ ሰልፌት ይጋገራል። ቻርጀሩን ነቅለው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለኩት። የሞላ ባትሪ 6.3 ቮልት አካባቢ ያሳያል። የባትሪ ውሃ የሚጨመረው ከሞላ በኋላ ነው። ሌዱ ከውሃው በላይ ወጥቶ ከታየ ግን መጀመሪያ እስኪሸፈን ብቻ ይጨምሩለት።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይዝም

ይሄን ለነገ አይበሉት። 168 ኪሎ ሲጨመር ፍሬኑ የድሮው ነው። ሸራውን ያስቀይሩ። ከዚያ ጋሪ ሳይጎትቱ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ በዝግታ ይሞክሩት። ካልያዘ ሁለተኛውን ረድፍ ያውርዱት።