ጩኸቱ ከኢንጂኑ አልነበረም
የሞተር ሳይክሌ ኢንጂን በደቂቃ 4000 ዙር አካባቢ ሲደርስ እንደ ላላ ቆርቆሮ ይንጫጫ ነበር። ዘይት ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የኢንጂኑን ክዳን ድምፅ አፋኝ ቀለም ቀባሁት። ሲግል ሸተተ፣ ከዚያም ተላጠ። ደግነቱ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን አልነካሁም፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንጂን እነሱ ከተሸፈኑ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

በመጨረሻ ሞተር ሳይክሉን አቁሜ፣ ኢንጂኑን አስነስቼ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ በጓንት የጎን ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ተጫንኩ። የግራውን ስጫን ጩኸቱ ቀጥ አለ!

ፈታሁት። ውስጡን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ በአልኮል ጠረግኩ። ለመኪና ሆድ የሚነፋውን ጎማ መሰል ሽፋን 3 ጊዜ ስስ አድርጌ ነፋሁበት። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አልደረብኩም። በማግስቱ ብሎኖቹ ሥር የጎማ ሮንዴላ አድርጌ አሰርኩት።

መንጫጫቱ ጠፋ። የጭስ ማውጫው ድምፅ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን ቀለም አይመልሰውም።