መውጫውን ሳያዩ መግባት፦ ሶፍትዌር ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኮምፒውተር ነክ ሥራ ለምንሠራ ሰዎች የሚቀርብልን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የቱ ይሻላል? ጉግል ነው ማይክሮሶፍት? ቴሌግራም ነው ዋትስአፕ? የቱን ኩባንያ ብናምን ይሻላል? ጥያቄው ክፉ አይደለም። ግን ከእሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ አለ፦ ነገ ልተወው ብል የራሴን ነገር ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያሉት ሱቆች፣ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትንንሽ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ሲቸገሩ የማያቸው ይህችን ሳይጠይቁ በመግባታቸው ነው። የማየውን ስህተት በየተራ ላንሳ። የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

አማርኛውን ለፎንቱ ማስያዝ

ይሄኛው የራሳችን ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ የእድር ጸሐፊ መተዳደሪያ ደንባቸውን በፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባሉ። ደንቡ ከዓመታት በፊት የተተየበ ነው። ልጅቷ ስትከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል።

"ጋሼ፣ ፎንቱ እኛ ጋ የለም።"

"ልጄ፣ እኔ መች ፎንት አመጣሁ? ደንብ ነው ያመጣሁት።"

ልክ ናቸው። ግን ልክ መሆናቸው ደንቡን አያወጣውም። ፎንቱን ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ይጀምራሉ።

ምን ሆኖ ነው? የድሮዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደልና ምልክት በተሰጡ ቁጥሮች ላይ ነበር። ፋይሉ ውስጥ "ሀ" የሚባል ነገር የለም። በዚያ ቁጥር ቦታ የ"ሀ"ን ምስል የሚያሳየው ፎንቱ ነው። እያንዳንዱ ሠሪ ደግሞ የራሱ አደራደር ነበረው። የአንዱን ፎንት በሌላው ብትቀይሩ ጽሑፉ ይበላሻል። ቃል ፈልጉልኝ ብትሉትም አያገኝም፤ ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን መች አወቀና።

ይሄን የፈታው ክፍት ስታንዳርድ ነው። ዩኒኮድ ይባላል። ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ፣ ሰነዱን ማንም አንብቦ ሊሠራበት የሚችል ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል የገባበት በ1999 በወጣው 3.0 እትም ላይ ነው። ዛሬ "ሀ" በሳምሰንግም፣ በአይፎንም፣ በዊንዶውስም ያው "ሀ" ነው። በስልካችን በአማርኛ የምንመራረቀውም የምንሰዳደበውም በዚህ ምክንያት ነው። የማንንም ኩባንያ ፈቃድ አንጠይቅም።

ያም ሆኖ ዛሬም በአሮጌው ፎንት የሚተይቡ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ እጃቸው ለምዷል። ግን የትየባ ልማድና ፎንት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓወር ግዕዝ ራሱ የዩኒኮድ ፎንቶች አሉት። እነሱን መርጦ በለመዱት አተያየብ መቀጠል ይቻላል።

ፋይላችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ደህና ነው። ዝባዝንኬ ከሆነ፣ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር በሕይወት እያለ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። ለአዲስ ጽሑፍ ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በሕጋዊ መንገድ በነፃ ይገኛሉ። ለሕትመት ብቻ የሚሄደውን ደግሞ በፒዲኤፍ ላኩ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይይዛል። ፒዲኤፍን አዶቤ ያወጣው በ1993 የራሱ አድርጎ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ግን ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው፤ የትኛውም ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላል።

"ክራክ አለ እኮ"

ሰው ስለ ሶፍትዌር ዋጋ ሲያስብ እዚህ ሰፈር መልሱ አንድ ነው። ፍላሽ ላይ ክራኩ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረው ቅጂ፣ አለ፣ ይጫናል፣ አለቀ። ስለዚህ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያየው የተዘጋ ሶፍትዌርና ማንም ሊያየው የሚችለው የተከፈተ ሶፍትዌር ልዩነታቸው አይታየንም። ሁለቱም ብር አላስወጡንማ።

ክራክ ብር ቢያስቀርም እስሩን አይፈታም። ፋይላችሁ ያው በዚያ ኩባንያ ፎርማት፣ ማለትም የፋይል አቀማመጥ፣ ነው። ለጥገና ደውላችሁ የምትጮሁበት የለም። ማሻሻያ እንዳይገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ አፕዴቱ ሆን ተብሎ ይዘጋል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን፣ ማለትም አፕዴቱን፣ ያወጣው ቀድሞ በመጋቢት ነበር። የተመቱት ያልወሰዱት ናቸው። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ሰፈራችን ውስጥ በእሱ የሚሠራው ኮምፒውተር ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ለደብዳቤና ለሲቪ ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃና ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራም ይበቃል። የወርድን ፋይል ይከፍታል፣ በአማርኛ ይጽፋል፣ ክራክ አይፈልግም። የተወሳሰበ ሠንጠረዥ ያለበት የወርድ ፋይል ሲከፍት አልፎ አልፎ ቅርጹን ሊያዛባ ይችላል፤ ይሄን ሳልነግራችሁ ብቀር ውሸት ይሆንብኛል።

ሂሳቡን ባክአፕ ስላደረጉ ብቻ መተኛት

አገራችን ውስጥ ሂሳብ ሲባል ፒችትሪ ነው። ኮሌጁ የሚያስተምረው እሱን፣ የሥራ ማስታወቂያው የሚጠይቀውም እሱን። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው ኩባንያ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው፤ ሥሪቱም ብዙ ጊዜ የ2010 ነው።

የሂሳብ ሠራተኛዋ በየወሩ ባክአፕ አድርጋ ፍላሽ ላይ ታስቀምጣለች። ጎበዝ። ግን ያ ባክአፕ የሚከፈተው በዚያው ፕሮግራም ብቻ ነው። በአዲሱ ሥሪት የተሠራውን ደግሞ አሮጌው አይከፍትም። ኮምፒውተሩ ቢቃጠልና ፕሮግራሙን የሚጭን ሰው ቢጠፋ፣ በእጃችሁ ያለው ፍላሽ ምንም የማይነበብበት ፋይል ተሸክሟል።

ይሄ የዋዛ ነገር አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ነጋዴ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲያቆየው ያዛል። ኦዲተር ሲመጣ "ፕሮግራሙ እምቢ አለ" የሚል መልስ አይሰማም።

ፒችትሪን ጣሉት አልልም፤ ሥራውን ይሠራል። በየወሩ መጨረሻ ላይ ግን ትራያል ባላንሱንና ጄነራል ሌጀሩን ወደ ኤክሴል አውጡ። ከዚያ በሲኤስቪም አስቀምጡት። ሲኤስቪ ማለት በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ምንም ፕሮግራም ባይኖር በኖትፓድ ይነበባል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ዓመታዊውን ደግሞ አትሙትና ፋይል ውስጥ አኑሩት። ወረቀት የሚንቅ ኮምፒውተር ሠሪ አትመኑ።

"ትልቅ ኩባንያ ነው፣ የት ይሄዳል?"

ኩባንያው የትም አይሄድም። አገልግሎቱ ነው የሚሄደው።

ውጭ ካሉ ልጆቻቸው ጋር በስካይፕ የተያዩ እናቶች ብዙ ናቸው። ስካይፕን ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በግንቦት 2025 ዘጋው። ከማይክሮሶፍት የሚበልጥ ትልቅ ከየት ይምጣ? ጉግልም ሪደር የተባለውን የዜና ማንበቢያ በ2013፣ ጉግል ፕላስ የተባለውን ማኅበራዊ ሚዲያ ለተራው ሰው በ2019 ዘግቷል። የጉግል ፎቶስ ነፃ ያልተገደበ ቦታ በሰኔ 2021 ሲቆም፣ ከዚያ ወዲያ የተጫነው ፎቶ ከኢሜይሉ ጋር 15 ጊጋባይት እንዲጋራ ተደረገ። "ስቶሬጅ ሞልቷል" የሚለው መልእክት ከዚያ ነው የመጣው። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ደግሞ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። ብራቸው ተመልሶላቸዋል። መጽሐፉ ግን የለም።

ከእነዚህ አንዱንም ክፉ ሰው አልሠራውም። ኩባንያ ያላዋጣውን ይተዋል፣ ያ ነው። ስለዚህ "ጥሩ ሰዎች ናቸው ወይ?" እያሉ መከራከር ብዙ ርቀት አይወስድም። እቁባችንን ተመልከቱ። ዳኛውን እናምነዋለን፣ አባላቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሆኖም ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ዋስ አምጣ በመባሉም የሚቀየም የለም። የትኛውም ፕሮግራም ሊያነበው የሚችለው ክፍት ፎርማት የእኛ ዋስ ነው። ጉግል ፋይሎቻችሁን ሰብስቦ የሚያወርድላችሁ ቴክአውት የሚባል አገልግሎት አለው። ዓመት በዓል ሲደርስ ቤት እንደሚጸዳ አውርዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

የቤት ካርታን ቴሌግራም ላይ ብቻ ማስቀመጥ

ሰው ካርታውን፣ መታወቂያውንና ዲግሪውን ፎቶ አንስቶ ለራሱ በቴሌግራም ይልካል። ሲፈልግ ከዚያ ያወጣል። ይመቻል፤ እኔም ለጊዜው ነገር እጠቀምበታለሁ። ግን ሦስት ነገር እወቁ። አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥራችሁ ነው፤ ሲሙ ከተዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ጣጣ ነው። ተራው የቴሌግራም ንግግር ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ እንደዚያ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት የሚባለው ነው። አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜም ሴቲንግ ውስጥ አለ።

ባለሁለት ደረጃ ይለፍ ቃሉን አብሩ። ኮምፒውተር ላይ ካለው ቴሌግራም ዴስክቶፕ "ኤክስፖርት" በሚለው ሁሉን ማውረድ ይቻላል። የካርታው ዋና ቅጂ ግን ሌላ ቦታም ይኑር።

በነገራችን ላይ፣ ከኢሜይል ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ከጂሜይል ወደ ያሁ ስትጽፉ ይደርሳል፤ ኢሜይል የጋራ ስታንዳርድ አለውና። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም የምትጠቀሙትም ባንኮቹ በኢትስዊች በኩል በጋራ ደንብ ስለተገናኙ ነው። ከቴሌግራም ወደ ዋትስአፕ ግን መልእክት መላክ አትችሉም። ቴክኒኩ አቅቷቸው አይደለም፤ ደንበኛን አጥር ውስጥ ማቆየት ስለሚያዋጣ ነው።

ኦፕን ሶርስ ከሆነ ጻድቅ ነው ማለት

ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ግን ኮዱ ክፍት ነው ማለት ሰው አይቶታል ማለት አይደለም። በ2014 የተገኘው ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ፣ ብዙ የዓለም ድረ ገጾች ግንኙነታቸውን ለመቆለፍ የሚጠቀሙበት ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተቀምጧል። በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለ፣ በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫነው ክፍቱ ሊኑክስ ላይ በሚሠራ መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የሌባ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። የደረሰበት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። ኮዱ ባይከፈት ግን አገላብጦ ምክንያቱን ባላገኘው ነበር።

በአንድ ሌሊት ሁሉን ጥሎ መውጣት

ይሄ የወጣቶች ስህተት ነው። ቪዲዮ ያያሉ፣ የሱቁን ኮምፒውተር ሊኑክስ ያደርጉታል፣ ጠዋት ፕሪንተሩ አይሠራም፣ ወረፋ ደጅ ይደርሳል። መጀመሪያ የፋይሎቻችሁን ፎርማት ወደ ክፍቱ ቀይሩ። ፕሮግራሙ ይደርሳል።

"ሲስተም" ሲያሠሩ ስለ መለያየት አለመነጋገር

ስለ አሜሪካ ኩባንያ እየተጨቃጨቅን የሰፈራችንን ውል ሳናነብ እንፈርማለን። ትምህርት ቤቱ "ሲስተም" ያሠራል። ሠሪው የሰው ልጅ ነው፤ ዛሬ ቦሌ ነው፣ ነገ ዱባይ። ሰኔ 30 ደርሶ ካርድ ሊሰጥ ሲል ሮስተሩ አልወጣ ይላል። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ዳታው የት ሰርቨር ላይ እንዳለ፣ ዋናው ፓስወርድ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ወላጅ ግቢው ውስጥ ቆሞ "ሲስተም የለም" ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማትን ቃል በገዛ ብራችን ገዝተን መጣን ማለት ነው።

መንግሥት እንኳ ፋይዳ መታወቂያን ሲሠራ የመረጠው ሞሲፕ የተባለውን፣ ባንጋሎር ባለ የትምህርት ተቋም የተጀመረና ኮዱ ክፍት የሆነ መድረክ ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም በእሱ ሠርተዋል። አንዱ ጥቅሙ አገር በአንድ ሻጭ እጅ እንዳትወድቅ ማድረጉ ነው። የኮዱ መከፈት የሰዉን መረጃ ጥበቃ በራሱ አያረጋግጥም፤ ለዚያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ ይሄም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አለ። እሱም እናንተን ይመለከታል፤ የልጆቹ ስም፣ የወላጅ ስልክና የክሊኒክ ካርድ የግል መረጃ ናቸው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ልጁን አስቀምጡና ሳትፈሩ ጠይቁት። ዳታው ሙሉ በሙሉ በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ይወጣል? እኛው ራሳችን እናወጣዋለን ወይስ አንተን መጥራት አለብን? ዳታው የሚቀመጥበት ሰርቨርና የድረ ገጹ አድራሻ የሆነው ዶሜን በማን ስም ነው የተገዛው? እንደ ዘመድ ስለቀረባችሁት ብቻ "ችግር የለም፣ እኔ አለሁ" የሚለውን አትቀበሉ፤ አድርጎ ያሳያችሁ። እዚያው ፊታችሁ የአንድ ክፍል ሮስተር አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይክፈተው። ከተከፈተ፣ ክፍያው ሲያልቅ ዋናው ፓስወርድና ሙሉ ዳታው እንደሚሰጣችሁ በውሉ ላይ አስገቡ። የመጨረሻውን ክፍያም እስከዚያ ቀን ያዙት።